ማንም የማያነበው የእጅ ጽሑፍ

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 7፣ 1993። ዋልታም፣ ማሳቹሴትስ

የዕረፍቱ ሰሞን አለቀ። ባለቤቴ ኖሪን ዛሬ አዲሶቹን የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቿን ተረከበች፤ እኔ ደግሞ አለቃዬን በርት ኪምቦልን። የእሷ ልጆች የሚሻሉ ይመስለኛል።

በርት ለጋዜጣ የተናገረውን ቆርጦ የሻይ ክፍሉ ፍሪጅ ላይ ለጥፎታል። «በአምስት ዓመት ውስጥ ኪቦርድ የሚገኘው ሙዚየም ነው። ሰው በብዕር ይጽፋል፣ ኮምፒውተሩ ያነባል።» ከሥሩ በወፍራም ቀለም፦ «ኖቬምበር፣ ላስ ቬጋስ፣ 95 ከመቶ።» በላስ ቬጋሱ የኮምፒውተር ኤግዚቢሽን ላይ መቶ ቃል ቢጻፍበት፣ የምንሠራው በብዕር የሚጻፍበት የኮምፒውተር ሰሌዳ ዘጠና አምስቱን በትክክል ማንበብ አለበት ማለት ነው። ዛሬ የሚያነበው ሰማንያ አንዱን ነው። የሚያነብበትን ፕሮግራም የምመራው ደግሞ እኔ፣ ዋረን ፔልኪ ነኝ። ካልደረስን ገንዘብ ያወጡልን ሰዎች እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ ለገና ሳንደርስ በራችን ይዘጋል። ይህን በርት ለእኔ ብቻ ነው በሹክሹክታ የነገረኝ።

ለኖሪን አልነገርኳትም። በመጪው ዓመት ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ወስዳ ማስተርሷን ልትጀምር ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ጠብቃለች፤ የምንኖረውም በእኔ ደሞዝ ይሆናል። ማታ «ሥራ እንዴት ነበር?» ስትለኝ «በጣም ጥሩ» አልኳት።

እዚህ መጻፌ አያስፈራኝም። ይህ ደብተር ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ከፍራፍሬው ሳህን አጠገብ ተከፍቶ ነው የሚውለው። ቁልፍ አያሻውም፤ እጅ ጽሑፌ ራሱ ቁልፍ ነው። ኖሪን በዐሥራ አራት ዓመት ትዳር አንድ የገበያ ዝርዝሬን አንብባ ጨርሳ አታውቅም።

የሚያነብ ማሽን እየሠራ ማስታወሻውን በወረቀት ይይዛል ብሎ የሚስቅብኝ ካለ ይሳቅ። በሰሌዳው ሞክሬ ነበር። አንድ ገጽ ጽፌ ያነበበልኝን ሳየው የሌላ ሰው ሕይወት ሆኖ አገኘሁት።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 10

ከዕረፍት መልስ የመጀመሪያው የዓርብ ፈተና። ሥርዓቱ እንደ ድሮው ነው፤ የብዕር ቡድኑ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ያንኑ ሃምሳ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ እንጽፋለን፣ ውጤቱ ፍሪጁ ላይ ይለጠፋል። 82። በርት «እየተነሣን ነው!» አለ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 15

ምሳ ከኧርቭ ላስኪ ጋር። ኧርቭ ምድር ቤት ያለው የንግግር ቡድን አለቃ ነው። የእሱ ማሽን የተነገረውን ይጽፋል፤ ነገር ግን ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ ዝም ካላሉለት አንድም አይገባውም። ኧርቭ ቀኑን ሙሉ እንዲያ ሲያወራለት ውሎ ሳንድዊች ቤቱም ውስጥ መላቀቅ አቃተው።

«የቱና። ሳንድዊች። ያለ። ሽንኩርት።»

የሳንድዊች ቤቱ ባለቤት ቢላዋውን አስቀመጠ። «ጌታዬ፣ አመመዎት እንዴ? ውሃ ላምጣ?»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የኧርቭ ሚስት ሲልቪያ ከኦገስት ጀምሮ የተቆጣት እየመሰላት ነው አሉ። አንድ ሰው ለማሽን ብሎ እንዲህ ሲለወጥና ራሱ ሳይታወቀው ሲቀር ማየት ያሳዝናል።

«ሰው። ብዕር። ይጥላል» አለኝ ኧርቭ። «ሁሉም። ይናገራል።» በሎብስተር፣ በዚያ ውድ የባሕር ምግብ፣ እራት ተወራረድን፤ ላስ ቬጋስ ላይ ማሽኑን የሸጠ ይበላል፣ ያልሸጠ ይከፍላል።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 17

83። በርት ፍሪጁን ከፍቶ ዘጋው፤ ምንም አልወሰደም።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 24

ከሰኞ እስከ ሐሙስ በጉንፋን ተኝቼ ሰነበትኩ። ፕሮግራሙን ያለ እኔ የሚነካው የለም፤ ማንም አልነካውም። ዛሬ ተንገዳግጄ ለፈተናው ስሄድ 86! ሦስት ነጥብ፣ ምንም ሳንሠራ። ምክንያቱን ላጣራ ብዬ ነበር፤ በርት ግን «የመጣ ዕድል አይመረመርም» አለ። ምናልባት ክፍሉ ስለቀዘቀዘ ይሆናል።

ሌላም ደስታ። ከአልጋዬ ሆኜ የጻፍኩትን የገበያ ዝርዝር ኖሪን አንድም ሳትስት ገዝታ መጣች። የሳል ሽሮፑን ዓይነት ጭምር። «ምን ነካህ? ዛሬ ሰው መሰልክ» አለችኝ። ትኩሳቱ በርዶልኛል፣ እውነቷን ነው።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 1

88። ስለ ደስታው ቤት ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ ከደስታው ጋር ፍርሃቱም እንዳይወጣ።

እራት የተፈጨ ሥጋ በምድጃ ጋግራ ነበር። ደረቅ ነው። ዐሥራ አራት ዓመት ደረቅ ነው። ፊት ለፊት አይነገርም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 3

ዛሬ ሥጋው በመረቅ እየዋኘ መጣ! ሳልናገር። ለካ ረጅም ትዳር ማለት ይህ ነው፤ ቃል ሳይወጣ መግባባት።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 9

ትናንት 91። ዛሬ ባንክ ቼክ ልመነዝር ሄጄ ልጅቷ ፊርማዬን ከካርዱ ጋር ደጋግማ አስተያየችው።

«ይቅርታ ሚስተር ፔልኪ፣ አይመሳሰልም።»

«የኔ ልጅ፣ ሃያ ዓመት የፈረምኩት ፊርማ ነው።»

«እሱማ ካርዱ ላይ ያለው ነው። ይሄኛው ይነበባላ።»

አለቃዋ መጥቶ በመልኬ ለየኝ። የባንክ ሰው ጭቅጭቅ አይጠፋውም።

አሁን ኖሪን ልብስ እያጠበች ነው። ሁሉን ነገር ለአንድ ሰው መንገር ፈለግሁ፤ ያለኝ ይህ ደብተር ነው። 95 ካልደረስን ለገና ሥራ ፈት ነኝ። የኖሪን ማስተርስም አብሮ ይቀራል። የዩኒቨርሲቲውን ፎርም ፍራፍሬው ሳህን ሥር አስቀምጣዋለች፤ ባየሁት ቁጥር ሆዴን ባር ባር ይለዋል። በየማታው «በጣም ጥሩ» እላታለሁ። እያደር ውሸቱ ቀለለኝ፤ ይህ ነው የሚያሳፍረኝ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 13

ኧርቭ ድምፁ ጠፋ። እውነቴን ነው፣ ጭራሽ የለም። ሐኪሙ «እንዲህ ቃል በቃል እየቆረጡ ሲናገሩ ጉሮሮ ይጎዳል፤ ሦስት ሳምንት ዝም በል» አለው። የንግግር ማሽን አለቃ ዲዳ ሆኖ ምድር ቤት ቁጭ ብሏል። አዘንኩ፤ ትንሽ ደግሞ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በወረቀት ሲጽፍልኝ «ና፣ በእኛ ሰሌዳ ጻፍ፣ የወደፊቱን ቅመሰው» ብዬ ሰጠሁት። ከመቶው ሠላሳ አራቱን አነበበ። ኧርቭ ትከሻውን እስኪያመው ሳቀ፣ ያለ ድምፅ። በእርግጥ የኧርቭ እጅ ዶሮ የጫረው ነው፤ ማንም ማሽን አያነበውም። ለበርት አልነገርኩትም፤ የሚነገር ነገር የለውም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 15

93።

ኖሪን ለእራት ድንች እየላጠች፣ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፦ «ማስተርሱን አንድ ዓመት ባቆየው ምን ይመስልሃል?»

«ምነው? ምን ተፈጠረ?»

«ምንም። ዝም ብዬ ሳስበው ለሁለታችንም ይቀልለን ይሆናል።»

ሴት ልጅ ልብ ታነባለች የሚሉት እውነት ነው። «እንደፈለግሽ» አልኳት፤ እፎይ ማለቴን እንዳታይ ቀና አላልኩም። ዐሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችውን በአንድ ድንች ልጣጭ መሃል ተወችው። እኔም ተቀበልኩ። እንዴት ያለ ሰው ነኝ?

ዓርብ፣ ኦክቶበር 22

95!!! በርት አቀፈኝ። የፖም ጭማቂና ዶናት። «አንተ ሊቅ» አለኝ በሰው ፊት። ሁሉም አጨበጨበ። ኧርቭ እንኳ ከምድር ቤት ወጥቶ አጨበጨበ። ዛሬ ውሸቴ እውነት ሆነ፤ ኖሪን ስትጠይቀኝ «በጣም ጥሩ» ልላት ቤት የገባሁት እየሮጥኩ ነው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 24

ሰሌዳውን ቤት ይዤ መጣሁ፤ ላኮራት። የኖሪንን ጽሑፍ ያየ ያውቃል፤ ለሃያ ስድስት ልጆች ጥቁር ሰሌዳ ላይ በየቀኑ የምትጽፈው ክብ፣ የተያያዘ፣ ከመጽሐፍ የወጣ የሚመስል እጅ ነው። ለእሷ ያላነበበ ለማን ያነባል?

ዘና ብላ አንድ ገጽ ጻፈች። ሰሌዳው ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ አወጣው። አርባ አንድ ከመቶ።

ኖሪን በክፍል ውስጥ ድምፅዋ፦ «ይሄ ልጅ ክፍሉን ይድገም።»

«መብራቱ ይሆናል» አልኳት።

«አንተ ጻፍ እስቲ።»

ጻፍኩ። ሰሌዳው አንዲት ቃል አልሳተም። ኖሪን ግን ስክሪኑን አላየችም፤ እጄን ነበር የምታየው። «ዋረን፣ ከእናንተ ከሁለታችሁ የተማረው ማን እንደሆነ ታውቃለህ አይደል?»

አልገባኝም አልኳት። የገባኝ ግን ገና «ጻፍ» ስትለኝ ነው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 25

ጠዋት ማንም ሳይገባ ገባሁ። ሰሌዳው ያስቀመጣቸውን የሴፕቴምበር 10 የፈተና ጽሑፎች በወረቀት አትሜ ከባለፈው ዓርብ ጽሑፎች ጎን ደረደርኳቸው። ሴፕቴምበር ላይ ዐሥራ ሁለት ሰው ጽፏል። ዓርብ የጻፈው አንድ ሰው ነው ቢሉኝ አምናለሁ። የፊደሎቹ ጅራት ተቆርጧል፤ ክፍቱ ተዘግቷል፤ የተያያዘው ተለያይቷል። ሰሌዳው በየሳምንቱ የሳተብንን ፊደል በሚቀጥለው ሳምንት አስተካክለን ጽፈንለታል። ማንም አልመከረም፣ ማንም አላዘዘም።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ባላደርገው ይሻል ነበር። የሴፕቴምበርን ፕሮግራም፣ ያንን 81 ያመጣውን፣ አውጥቼ የዓርቡን ጽሑፋችንን ሰጠሁት። 94። ደገምኩት። 94።

የሰባት ሳምንት ሥራዬ አንድ ከመቶ ናት። የቀረውን የሠራው እጃችን ነው። በኧርቭ እየሳቅሁ!

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 27

ለበርት ነገርኩት። በሩን ዘጋ።

«ስንት ሰው ያውቃል?»

«አንተና እኔ።» ኖሪንን አልቆጠርኳትም።

«ስለዚህ ችግር የለም» አለ። «ላስ ቬጋስ ላይ ከአንተ በቀር ብዕሩን ማንም አይነካም። በገመድ ቀበቶህ ላይ እሰረው።»

«በርት፣ ገዝተው ቤታቸው ሲገቡስ?»

«ሲገቡማ ገዝተዋል።»

እንቢ ማለት ነበረብኝ። ሠላሳ አንድ ሰው እንጀራው እዚህ ነው፤ አንዱ እኔ ነኝ። ገመዱን ገዛሁ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 29

96። ምንም አልነካሁም።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 5

97። ጭብጨባ። ኧርቭ ድምፁ በሹክሹክታ ተመልሷል፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሎብስተሩን። ልትበላ። ነው» አለኝ። ምግብ አልበላ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 13

ነገ በረራ። ኖሪን ሻንጣዬን እያዘጋጀችልኝ ነው።

«ደብተርህንም ከትቼልሃለሁ።»

«ለሦስት ቀን? ምን ያደርግልኛል?»

«እንጃ። የሴፕቴምበሩና የአሁኑ ገጽ ሲተያይ ልዩነቱ ደስ ይላል።» ከዚያ ሸሚዜን ማጠፍ ቀጠለች። ስለ ቀለሙ መሆኑ ነው፤ መሃል ላይ እስክሪብቶ ቀይሬያለሁ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 15። ላስ ቬጋስ

ቀኑን ሙሉ ጻፍኩ። ሰው ብዕሩን ሲጠይቅ ገመዱን አሳያለሁ፤ ይስቁና ይሄዳሉ።

ነገ ትልቁ ቀን ነው። ወይዘሮ ስትራውድ የሚባሉ፣ የሃርትፎርድ የኢንሹራንስ ድርጅት ኃላፊ፣ ይመጣሉ። አራት ሺህ ጉዳት ገማቾች አሏቸው፤ የተጋጨ መኪና፣ የተቃጠለ ቤት እየዞሩ አይተው በእጃቸው የሚጽፉ። እሳቸው ከገዙ ተረፍን፣ ካልገዙ አለቀልን። በርት ፎቶአቸውን አሳየኝ። ለመለማመጥ የተፈጠሩ ሴት አይመስሉም። ብዕሩን እንዳይጠይቁ እጸልያለሁ። ከጠየቁ ደግሞ እውነቱን የምናገርበት ወኔ ያለኝ አይመስለኝም፤ በቤቴም አልነበረኝም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 16

መጡ። ጫማቸው ለመራመድ እንጂ ለመታየት አልተገዛም። ጻፍኩ፤ ሰሌዳው ሁሉንም አነበበ። በርት ከጎኔ እንደ አዲስ አባት ቆሟል።

«አሁን እኔ ልሞክር» አሉ ወይዘሮ ስትራውድ።

«ብዕሩ ከባለሙያው ጋር ነው የሚሠራው» አለ በርት።

«ታዲያ ለአራት ሺሁ ሰዎቼ ባለሙያውን አብረህ ትልክልኛለህ?»

ገመዱን ልፈታ ብል ቋጠሮው አልላቀቅ አለኝ። ከቦርሳቸው መቀስ አውጥተው ቆረጡት። ሁለት መስመር ጻፉ። ሰሌዳው ከስድስት ቃል አንዱን አገኘ።

በርት ስለ መብራቱ አወራ። ከዚያ ስለ አየሩ እርጥበት አወራ፤ በረሃ መሃል ቆመን። እሳቸው ግን እኔን ነበር የሚያዩት፤ ኖሪን ያን እሑድ እንዳየችኝ።

«መብራቱ አይደለም፣ ወይዘሮ ስትራውድ» አልኩ። የራሴን ድምፅ ስሰማ ደነገጥኩ። «የእርስዎን እጅ አያውቅም። የእኛንም አያውቅም ነበር። እሱ የሚያነበውን እጅ የተማርነው እኛ ነን።»

በርት ዐይኑን ጨፈነ።

«በስንት ጊዜ?»

«በዘጠኝ ሳምንት። ማንም ሳያስተምረን፣ ሳይታወቀን።»

«ማስረጃ አለህ?»

ደብተሩን ከሻንጣዬ አውጥቼ በእጅ ቦርሳዬ ይዤው ነበር። ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሴፕቴምበር 7ን ከፈቱ። «ይሄ ምንድን ነው? የልብ ምርመራ ወረቀት ነው?» ከዚያ ወደ መጨረሻው ገጽ ገልጠው ጮክ ብለው፣ አንዲት ቃል ሳይደናቀፉ ማንበብ ጀመሩ። «"ለመለማመጥ የተፈጠሩ ሴት አይመስሉም። ብዕሩን እንዳይጠይቁ እጸልያለሁ..."»

ምድር ብትከፈት ዘልዬ እገባ ነበር። እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ የቤቴን ነገር ጭምር። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልክ ነህ፣ አልተፈጠርኩም» አሉ። «ስማኝ ሚስተር ፔልኪ። ገማቾቼ የሚጽፉትን የሚያነብ ሰው ቢሮዬ ውስጥ የለም። ኮምፒውተሩ ቢያነበው ባያነበው ግድ የለኝም፤ ማንበብ ያቃተኝ እኔ ነኝ። ደብዳቤ ጻፍኩባቸው፣ ተቆጣሁ፣ ስልጠና ሰጠሁ፣ ወይ ፍንክች። ይሄ ነገር ሳይቆጣ፣ ሳያሳፍር፣ ትልቅ ሰውን በዘጠኝ ሳምንት እጅ ጽሑፍ ካስተማረ ለሙከራ አራት መቶ ላክልኝ።»

በርት ዐይኑን ገለጠ። «ከመጀመሪያውም እቅዳችን ይሄው ነበር» አለ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 17

ኧርቭ ሸጥክ ይላል፤ እኔ አልሸጥኩም እላለሁ። የሚያነብ ማሽን ነበር የምሠራው፤ የሸጥኩት መምህር ነው። ሎብስተሩን ለሁለት ከፈልን፣ ለሁለት በላን።

በርት ለጋዜጠኛ፦ «በአምስት ዓመት ውስጥ የሰው ልጅ ሁሉ በደንብ ይጽፋል።»

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 20። ዋልታም

ለኖሪን ሁሉንም ነገርኳት። የገናውን ነገር፣ የ94ቱን፣ የገመዱን፣ የበርትን። አንዱም ቦታ ላይ «እንዴ!» አላለችም። በትክክለኛው ቦታ ላይ ራሷን እየነቀነቀች እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ «ደከመህ አይደል?» አለችና ሻይ ሰጠችኝ። ትልቅ ሴት ናት።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 22

ሴትዮዋ ያን ገጽ ሰው ፊት ካነበቡት ጀምሮ ቀፍፎኛል። ይህ ደብተር ከእንግዲህ ማንም የሚያነበው ሆነ ማለት ነው። ደግነቱ ወጥ ቤታችን ውስጥ ከእኔና ከኖሪን በቀር የሚገባ የለም። ቢሆንም የድሮ እጄን ልመልስ ብዬ ማታ ሁለት ገጽ ታገልኩ። አልመጣም። ጅራቱን አስረዝማለሁ፣ እጄ መልሶ ይቆርጠዋል።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 25። የምስጋና ቀን

የበዓሉ የቱርክ ዶሮ ምድጃ ውስጥ ነው። የዩኒቨርሲቲው ፎርም ከፍራፍሬው ሳህን ሥር ጠፍቷል፤ ጥላው እንደሆነ ልጠይቃት ፈራሁ። በአፌ ልጠይቃት ይገባኛል። ዛሬ እራት ላይ እጠይቃታለሁ። ምናልባት ነገ።

*(ከዚህ በታች ያለው በክብ፣ በተያያዘ፣ በሦስተኛ ክፍል መምህርት እጅ የተጻፈ ነው።)*

ዋረን፣

ፎርሙን ማክሰኞ ፖስታ ቤት አስገብቼዋለሁ።

ከሴፕቴምበር 24 ጀምሮ እያነበብኩህ ነው። ከአልጋህ የጻፍከውን የገበያ ዝርዝር ሳነብ ደነገጥኩ፤ ከዚያ ይህ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። መዝጋት ነበረብኝ። አልዘጋሁትም፤ ለዚህ ይቅር በለኝ። ግን ዐሥራ አራት ዓመት «በጣም ጥሩ» ከሚባል ሰው ጋር ነው የኖርኩት። የሚፈራውን፣ የሚያፍረውን፣ ፎርሜን ሲያይ ሆዱን ባር ባር የሚለውን ሰው ያገኘሁት እዚህ ነው። እሱን እወደዋለሁ። የድሮ እጅህን አትመልሰው።

ሥጋው ሲደርቅ ግን በአፍህ ንገረኝ።

ኖሪን